ዶክተር ላቀው በበቅሎ ሲወራረድ

ላቀው ወልደኢየሱስ ሙግትን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ አያ ወልደኢየሱስ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በአንዲት የድንበር ድንጋይ ሰበብ በሦስት መንግሥት ዘመን የተሟገቱ ሰው ነበሩ። የሚሟገቱበት መሬት ፍየል ብትተኛበት ጭራዋ ከጎረቤት የምታድርበት ቁራሽ ነበር። ግን ጉዳዩ መሬት አልነበረም። አያ ወልደኢየሱስ በዕድሜያቸው ተረትተው አያውቁም። ዳኛ በፈረደባቸው ቁጥር ቤታቸው ገብተው ጋቢያቸውን እየሰቀሉ «ዛሬ ዳኛው ተረታ» ይላሉ፤ ሲነጋ ደግሞ ይግባኝ ለማለት መንገድ ይጀምራሉ። በመጨረሻ ቄሱ ለኑዛዜ መጥተው «በል እንግዲህ ወልደኢየሱስ፣ ጊዜህ ደርሷል» ቢሏቸው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ይግባኝ» አሉ ይባላል።

ልጃቸው እንደሳቸው ከጎረቤት አልተጣላም። ላቀው የተጣላው ከዓለም አጀማመር ጋር ነው።

ዶክተር ላቀው ጎንደር ላይ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ሥነ ፈለክ ያስተምራል። የዘመኑ የፈለክ ሊቃውንት «ዓለም በአንድ ታላቅ ፍንዳታ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ሊጥ ኩፍ እያለች ትሰፋለች» ይላሉ። ምስክራቸው ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣው ብርሃን ነው። የሩቅ ብርሃን እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ የሚቀላውም መንገዱ ራሱ ከሥሩ ስለሚለጠጥ ነው ባዮች ናቸው። ላቀው ይህን በሰማ ቁጥር ማኪያቶው ይቀዘቅዝበታል።

«መለጠጡን ምን አመጣው?» ይላል፣ ፒያሳ ካለው ካፌ የዘወትር ወንበሩ ላይ ሆኖ። «ከአዲ አርቃይ ተነስቶ ሊማሊሞን በእግሩ የወጣ ሰው ደባርቅ ሲደርስ ፊቱ ምን ይመስላል? በርበሬ። ታዲያ ሊማሊሞ ተለጠጠ? ሰውየው ደከመው እንጂ። ብርሃንም ይደክመዋል። አለቀ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ተናግሯል። የካፌው አስተናጋጆች አምነውለታል፤ በር ላይ ያሉት ሊስትሮዎች አምነውለታል፤ ከፊት ለፊት ካለው ፋርማሲ ሠራተኞች ግማሾቹ አምነውለታል። የውጭ አገር መጽሔቶች ብቻ የላከላቸውን ጽሑፍ አንድ በአንድ መለሱበት። ላቀው በተመለሰበት ቁጥር ካፌው ገብቶ ኮቱን ወንበሩ ላይ እየሰቀለ «ዛሬ መጽሔቱ ተረታ» ይላል።

ዙሌይካ አብዱልመናን የማስተርስ ተማሪው ናት። አባቷ ሀጂ አብዱልመናን ገበያው መሐል ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ዘር ማንዘራቸው በንግድ የኖረ ነው። ላቀው በማስተማር ዘመኑ እንደሷ ያለ ተማሪ ገጥሞት አያውቅም፤ ስለዚህም ነው የዕድሜ ልክ ሙግቱን ለሷ የሰጣት። መፈተኛውን ያወጣው ደግሞ ራሱ ነው።

«ሁለት አውቶቡስ ከአዲ አርቃይ አንድ ሰዓት ተራርቀው ተነሱ እንበል» አለ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ። «የሁለቱም ሞተር የደከመ ነው። ጎንደር ሲገቡ ስንት ሰዓት ይራራቃሉ?»

«ያው አንድ ሰዓት» አለች ዙሌይካ። «ሁለቱም እኩል ነው የሚያዘግሙት።»

«እነሱ እየሄዱ ሳለ መንገዱ ራሱ ቢለጠጥስ?»

«ኋለኛው የሚሄድበት መንገድ ከፊተኛው ይረዝማል። ከአንድ ሰዓት በላይ ይራራቃሉ።»

«ሸጋ። እንግዲያ ከሩቅ ፈንድተው የሚሞቱ ኮከቦችን ፈልጊ። አሟሟታቸው ቅርብ ካሉት እኩል ከፈጀ፣ ብርሃን ደክሞት ነው። ተራዝሞ ከታየን፣ መንገዱ ተለጥጧል።» ከዚያ የአባቱ ደም ፈላበትና ጨመረ፦ «ተራዝሞ ብታገኚው በቅሎ እወራረዳለሁ።»

አያ ወልደኢየሱስ በሙግት አደባባይ እንዲያ ነበር የሚሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዙሌይካ ግን አልሳቀችም።

ትልልቅ ቴሌስኮፖች አይተው በኢንተርኔት የለቀቁትን መረጃ ኔትወርክ ሲመጣ እያወረደች፣ ሲጠፋ እያሰላች ከረመች። ከዚያ ውጤቱን ይዛ መጣች። ተራዝሟል።

«ድገሚው» አለ ላቀው። ደገመችው፤ ተራዝሟል። «ሌሎች ኮከቦች ፈልጊ።» ፈለገች፤ እነሱም ተራዝመዋል። ከዚያ ወዲያ ላቀው ስልክ ማንሳት ተወ። በኮሪደር ከሩቅ ካያት አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ዞሮ ይመለሳል። ወረቀቷ ሰኞ ለዲፌንስ፣ ማለት በፈታኞች ጉባኤ ፊት፣ እንዲቀርብ ግን የአማካሪዋ፣ ማለትም የሱ፣ ፊርማ ያስፈልጋል። የማስገቢያው ቀን ዓርብ ነው። ዓርብ ካለፈ ዓመቷ ይባክናል፤ እዚያው ልታስተምርበት የታጨችበት ቦታም ለሌላ ይሰጣል። ይህን ላቀው አሳምሮ ያውቃል። እያወቀ ሐሙስ ከሰዓት ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ከሚገኘው ቤቱ ተቀምጦ፣ የማያነበውን መጽሐፍ ገልጦ ነበር።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከበር ተሰማ።

ሚስቱ ዓይናለም ሆስፒታል ተረኛ አድራ የመጣች ነርስ ናት፤ ዓይኗን እያሸች በሩን ከፈተች። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሼህ በድሩ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል፤ መሪጌታ መልካሙ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ሦስተኛው ጡረታ የወጡት ዳኛ አቶ ሙሉቀን ናቸው፤ በድንበሩ ድንጋይ ነገር ብዙ ጊዜ የፈረዱ፣ አያ ወልደኢየሱስ እንደሚሉት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተረቱ።

«ግቡ እንጂ፣ አረፍ በሉ» አለ ላቀው ወንበር እያጋፋ።

«አንቀመጥም» አሉ ሼህ በድሩ። «የመጣንበትን እሺ ካልከን እንቀመጣለን። እንቢ ካልክም እንደቆምን እንመለሳለን።»

ላቀው ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። ሽማግሌ ግቢው ቆሞ እንቢ ያለ ሰው በፀዳ እንዴት እንደሚወራ ያውቃል። ለሰባት ትውልድ ልጆቹ ሚስት ሲጠይቁ «የዚያ ሽማግሌ የረገጠ ሰው ዘር» ይባላሉ። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ራስ ብቅ ብሎ ጠለቀ፤ ከዚያ ሁለት ሆኖ ብቅ አለ።

«አባቶቼ፣ ይኸ እኮ የሳይንስ ጉዳይ ነው።»

«ሳይንሱን አንነካብህም» አሉ መሪጌታ። «ፈነዳ በል፣ አልፈነዳም በል፣ እኔ ኦሪት ዘፍጥረቴን ይዤ አለሁ። እኛን የላኩን ሀጂ ናቸው። ልጄና መምህሯ ተኳርፈዋል፣ አስታርቁልኝ ብለው።»

«አልተኳረፍንም። የማላምንበትን ፈርም እያለችኝ ነው።»

«ምነው ልጄ?» አሉ አቶ ሙሉቀን። «የሷ ጽሑፍ ነው። ስሕተት ከሆነ የሷ ስሕተት ነው።»

«ፊርማው ግን የኔ ነው።»

የሽማግሌዎቹ ሙያ መቆም ነበርና ቆሙ። ፀሐዩ በግቢው ውስጥ ገደድ ብሎ ገባ። የሼህ በድሩ ቀኝ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሳቸው ወደ ሌላው እግራቸው ዞሩ፤ እሱም ብዙ አልቆየም።

ዓይናለም ከኋላው ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «ሼሁ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ግቢዬ ውስጥ ቢወድቁ ብርሃንህ ነው የሚያነሳልህ?»

«እሺ» አለ ላቀው። «ስለ ሽበታችሁ ብዬ እፈርማለሁ።»

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። ምርቃቱ ወረደ፤ ዘርህ ይባረክ፣ ጠላትህ ይደንቁር፣ ከዋክብቱም እሺ ይበሉህ። ላቀው በየመሐሉ «አሜን» ይላል። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ወደ ቢሮው ሄዶ ፈረመና ወረቀቱን ለዙሌይካ ላከው።

ዓርብ ጠዋት ዙሌይካ የቢሮውን በር አንኳኩታ ገባች። የተፈረመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይኸን ለምን ፈረሙ?»

«ይፈርሙልኝ ስትይ አልነበር እንዴ የከረምሽው?»

«አባቴ ሽማግሌ መላኩን ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። ዶክተር፣ እኔ የሰው ድንበር ገፍቻለሁ? ሰው ሰድቤያለሁ? ምን አጥፍቼ ነው በሽማግሌ ይቅር የተባልኩት?»

«ይቅር ያለሽ የለም።»

«አመኑበት?»

ላቀው መስኮቱን አየ። «አላመንኩም።»

«እንግዲያ በሥራዬ ይጣሉኝ። በምርቃት ግን አያሳልፉኝ። ነገ ክፍል ስገባ ተማሪው ‹እሷ እኮ በሽማግሌ ያለፈችው ናት› ሲል ምን ልመልስ?»

ላቀው ከመስኮቱ ዞረ። «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከፍንዳታው ወገን የሆነውን ሁሉ የጣልኩበት ነው። ሰኞ ጉባኤው ፊት ባነሳውና ባትመልሺው፣ ፊርማዬ አያድንሽም። ትወድቂያለሽ።»

«ያንሱት።»

«ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ። እዚያ ተነስቼ ብሟገትሽ ቃሌን በላሁ ማለት ነው።»

«እሱን ለኔ ይተዉት» አለችና ወረቀቷን አንስታ ሄደች።

ቅዳሜና እሑድ ላቀው ካፌ አልሄደም። አስተናጋጆቹ ሞቷል ብለው ሊለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ያ ጥያቄ ብዙ ሰው ጥሏል፣ እውነት ነው። ግን የጣለው ካፌ ውስጥ ነው፤ ካፌ ውስጥ የወደቀ ሰው ሌላ ማኪያቶ ያዛል እንጂ ዓመቱ አይባክንበትም። ብትመልስ የሃያ ዓመት ሙግቱ አፈር ይበላል። ባትመልስ ደግሞ ያቺን የመሰለች ልጅ በገዛ እጁ ገደል ከተታት። የትኛውን እንደሚፈልግ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱን አልወደደውም።

ሰኞ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሀጂ አብዱልመናን ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ያስታረቁትን ዕርቅ ለማየት ከጎናቸው ተደርድረዋል። ከሌላ ከተማ የመጡት ፈታኝ ዶክተር ሰብለ ወንጌል መነጽራቸውን ጠርገው ዙሌይካን እንድትጀምር ነገሯት። ጀመረች። አካሄዷ ያማረ ነበር፤ ዋናው ሥዕል ላይ ስትደርስ ግን መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ፤ ከአዳራሹ የማጉረምረም ድምፅ ተሰማ። ዙሌይካ መጋረጃውን አስከፍታ ማርከር አነሳችና ሥዕሉን በቃሏ ነጩ ሰሌዳ ላይ ሠራችው።

«ጥያቄ ካለ?» አሉ ዶክተር ሰብለ ወንጌል።

ላቀው ተነሳ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«የሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆመሽ፣ በምሽት ቁልቁል አዲ አርቃይን ብታዪ የትኛው እሳት ነው የሚታይሽ?» አለ።

«ትልቁ።»

«ትንንሹ አይታይሽም። ትልቅ እሳት ደግሞ ቶሎ አይጠፋም። አንቺ ያንን አይተሽ ‹አዲ አርቃይ ላይ እሳት ከጎንደር የበለጠ ዕድሜ አለው› ብትይ ልክ ነሽ? ኮከቦችሽም እንዲሁ ናቸው። ከዚያ ርቀት የሚታዩን እጅግ ደማቆቹ ብቻ ናቸው፤ ደማቆቹ ደግሞ በተፈጥሯቸው ቀስ ብለው ነው የሚከስሙት። የተራዘመው ጊዜ አይደለም። አንቺ ረጃጅሞቹን መርጠሽ ነው።»

ዶክተር ሰብለ ወንጌል እስክሪብቶ አነሱ። ሀጂ አብዱልመናን የተባለው ባይገባቸውም የልጃቸው ፊት ገብቷቸው ወደ ሼህ በድሩ ዞሩ። ሼህ በድሩ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ።

«ዶክተር፣ ሐሙስ ምን ነበር ያልከን?»

ላቀው ዙሌይካን አያት። ላቡ ከአንገቱ ወደ ኮሌታው ሲወርድ ታወቀው።

«አባባ በድሩ» አለች ዙሌይካ ከሰሌዳው አጠገብ። «ይቀመጡ። እንዲጠይቁኝ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ቃላቸውን አልበሉም፤ እኔ ነኝ የመለስኩላቸው።»

ሼህ በድሩ ልጅቷን አዩ፣ መምህሩን አዩ። ሽማግሌ ሆነው በኖሩበት ዘመን ዕርቅ ይፍረስልኝ ያለ ተበዳይ አልገጠማቸውም። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ጥያቄው ልክ ነው» አለች ዙሌይካ። «እንዲያውም በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ነው የእሳቱን ዕድሜ መለካት የተውኩት። አያቴ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ ከመተማ ጎንደር በበቅሎ ይመላለሱ ነበር። በቅሎ ሲገዙ ቁመቷን አይተው ዕድሜዋን አይገምቱም። አፏን ከፍተው ጥርሷን ያያሉ። ትልቅ በቅሎም ትንሽ በቅሎም፣ ጥርሷ የሚናገረው ዕድሜዋን ብቻ ነው።»

ወደ ሰሌዳው ዞረች። ቁጥሮቹን እየጻፈች ቀጠለች።

«ኮከብም ጥርስ አለው። ብርሃኑን በየቀለሙ ስንበትነው የሚታዩት ጥቋቁር መስመሮች ኮከቡ ከፈነዳ በኋላ በየቀኑ ቦታ ይለውጣሉ። ደማቅ ቢሆን ደብዛዛ ቢሆን፣ የአሥር ቀን ኮከብ የአሥር ቀን ጥርስ ነው ያለው። ይኸን አንዱን ሩቅ ኮከብ ይዩት። እኛ እዚህ አሥራ ስድስት ቀን ቆጠርን። ጥርሱ ግን ያረጀው አሥር ቀን ብቻ ነው። ቀሪውን ስድስት ቀን መንገድ ላይ የጨመረበት ማን ነው? ብርሃን ቢደክመው ኖሮ ይቀላል እንጂ ቀን አይጨምርም ነበር። አውቶቡሶቹን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ላቀው ሰሌዳውን አየ። አሥር። አሥራ ስድስት። ማምለጫ ፈለገ። አንድ አገኘ፤ ኮከቦቹ ጥቂት ናቸው ማለት ይቻላል። ሌላም አገኘ፤ መሣሪያው ያሳሳተ እንደሆነስ? ሦስተኛው ራሱ ሳይጠራ መጣ። ሁሉም በአባቱ ድምፅ ነበር የሚናገሩት፤ ጋቢያቸውን እየሰቀሉ። ከፊት ረድፍ አቶ ሙሉቀን ዓይናቸውን ተክለውበታል። ያንን ፊት በአባቱ ላይ ያውቁታል። ስንት ጊዜ ፈርደውበት፣ ስንት ጊዜ በነጋታው ችሎት ፊታቸው ቆሞ አግኝተውታል። የላቀው ከንፈር ሲንቀሳቀስ የምትወጣውን ቃል አስቀድመው ሰሟት።

«ይግባኝ…» አለ ላቀው። ቆመ። ምራቁን ዋጠ። «ይግባኝ የለኝም። ተረትቻለሁ።»

አቶ ሙሉቀን መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ መጥረግ ያዙ፤ ጠረጉት፣ ጠረጉት፣ መስታወቱ እስኪያልቅ ድረስ።

«ይለጠጣል» አለ ላቀው ገና እንደቆመ። «መለጠጡን አምኛለሁ። ፈንድቶ ጀመረ የሚለው ግን ሌላ መዝገብ ነው፤ በሱ ገና…»

«ዶክተር፣ ይቀመጡ» አሉ ዶክተር ሰብለ ወንጌል፣ ውጤት ወደሚጽፉበት ወረቀት እያጎነበሱ። ዙሌይካ በከፍተኛ ማዕረግ አለፈች። አዳራሹ በእልልታ ፈነዳ፤ ፍንዳታ የለም ሲል የኖረው ሰውዬ እየሰማ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ላቀው ከአምባ ጊዮርጊስ የገዛትን በቅሎ እየጎተተ ገበያው መሐል ደረሰ። ባጃጅ ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋል፤ በቅሎዋ ግን ደንታም አልሰጣት፤ የሀጂ አብዱልመናን ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ምንድን ነው ይኸ ዶክተር?» አሉ ሀጂ፣ ጨርቅ የሚለኩበትን ብረት እንደያዙ።

«የውርርድ በቅሎ ናት። ክፍል ፊት ቃል ገብቼ ነበር፤ ተረታሁ።»

የሀጂ ፊት ጠቆረ። «ውርርድ ሐራም ነው። ደጄ አታቁማት።»

«የኔም ከአፌ የወጣ ቃል ነው። ይዣት አልመለስም።»

ተፋጠጡ። ከኋላ ባጃጆቹ ተሰልፈዋል፤ ሰው ከቧል፤ በቅሎዋ ከመደርደሪያው አንድ አቡጀዲ ማሽተት ጀምራለች። ሼህ በድሩ ከሱቁ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር፤ በዚህ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ሊነሱ ሲሉ ዙሌይካ ከውስጥ ወጣች።

«እኔ እኮ አልተወራረድኩም» አለች። «እሺ ያልኩት ነገር የለም። እርስዎ ብቻዎን ነው የተወራረዱት።»

ሼህ በድሩ በእፎይታ ወደ ሻያቸው ተመለሱ። «ብቻውን የተወራረደ ሰው ውርርድ የለበትም። ይቺ የምርቃት ስጦታ ናት። ተቀበል አብዱልመናን፣ መንገድ ተዘጋ።»

ሀጂ ፊታቸው ተፈታ። ስጦታ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው፤ ገመዱን ተቀበሉ፤ የነጋዴ ልጅ ናቸውና እጃቸው ራሱ ሄዶ የበቅሎዋን ከንፈር ገለጠ። ውስጡን አዩ። ልጃቸውን በዓይናቸው ጠሯት፤ እሷም ጎንበስ ብላ አየች።

«ዶክተር፣ ስንት ዓመቷ ነው አሉዎት?» አለች ቀና ብላ።

«አምስት። ሻጩ በጊዮርጊስ ምሎልኛል።»

«ጥርሷን አዩት?»

በቅሎዋ ቁመቷ ያማረ፣ ደረቷ የሰፋ ነበረች፤ ላቀውም ቁመቷን ነበር ያየው።

«ይቺ እኮ ከኔ ጋር አንደኛ ክፍል ሳትገባ አልቀረችም» አለች ዙሌይካ።

«የለም» አለ ላቀው ደረቱን ነፍቶ። «ይቺ ከአምስት ዓመት ብትበልጥ እወራረ…»

የከበበው ሰው ሁሉ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ጭምር፣ ጸጥ ብሎ ጠበቀው። ላቀው ሀጂን አየ፣ ሼህ በድሩን አየ፣ በመጨረሻ በቅሎዋን አየ። አፉን ዘጋ።